ገመዱን የበጠሰው ኃይል

ኦላናን ከጉድጓዱ ያወጡት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የሰፈሩ ጎረምሶች ከጭነት መኪና ላይ ወፍራም ገመድ ፈትተው አመጡ። አንዱ ወረደና አስሮ ላከው። አስከሬኑ ከጉድጓዱ አፍ ብቅ ሲል የግቢው ባለቤት እትዬ ሉባባ የሻሻቸውን ጫፍ ነክሰው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ኢንስፔክተር ዱሬቲ ስትደርስ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ወሩ የካቲት ነው። መቱ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ አቅም ያለው ሁሉ ጉድጓድ እያስቆፈረ ነው። ኦላናና ደቅሲሳ ደግሞ በከተማው የታወቁ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ነበሩ። አስራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። አንዱ ሲወርድ ሌላው ከላይ ሆኖ ገመዱ የተጠመጠመበትን መዘውር ይይዛል።

ደቅሲሳ አጥሩን ተደግፎ ተቀምጧል። ቀኝ ክንዱን በገዛ ሸሚዙ ጠቅልሎታል፤ ሸሚዙ ደም ቋጥሯል።

«ምን ተፈጠረ?» አለችው።

«ገመዱ ተበጠሰ።»

«እንዴት?»

«እያወጣሁት ነበር። ደርሶ ነበር እኮ። እጁን ሊሰጠኝ ሲል ተበጠሰ። የመዘውሩ እጀታ ተወርውሮ ክንዴን መታኝ።»

እትዬ ሉባባ ከሱ ጋር የሚስማማ ቃል ሰጡ። «ራሱን ከጉድጓዱ አፍ ላይ አይቻለሁ ልጄ። ‹አፈሩ ረጥቧል፣ ውሃው ቀርቧል› ብሎኝ ስቋል። የሚጠጣ ላመጣለት ወደ ቤት ገባሁ። ጓዳ እንዳለሁ ‹ደቅሲሳ! ና ቀቢ!› ሲል ሰማሁ። በኦሮምኛ ‹ያዘኝ› ማለቱ ነው፤ ሊወጣ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጧ አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን አለ? ዝም ሆነ።»

ሳጅን ኪቲላ በሜትር ለካ። ጉድጓዱ አስራ አራት ሜትር ነው። አስከሬኑ ላይ የቀረው ገመድ አምስት ሜትር ከትንሽ ነው። ቀሪው መዘውሩ ላይ አለ። ኪቲላ የተበጠሰውን ጫፍ ለዱሬቲ አሳያት። ቃጫው ተበታትኖ የተጎነጎነ ጸጉር እንደተፈታ ሆኗል።

«ቢላ አልነካውም» አለ።

«ሁሉንም በኤግዚቢትነት ያዝ። መዘውሩንም ጭምር።»

*

ከሰዓት በኋላ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ገመዱን የሸጠው ሰፍዋን የሚባል ባለሱቅ ነው። ሰው ተሰብስቦ መዝጊያውን በድንጋይ ሲደበድብ ዱሬቲ ደረሰች። ሰፍዋን ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

«ነፍሰ ገዳይ ይሉኛል» አለ። «ከዚሁ ጥቅል ለስንት ሰው ሸጫለሁ። ቡና ጫኞቹ የሚያስሩት በዚህ ነው። እስቲ ጠይቂያቸው።»

«ኦላና ነው የገዛህ?»

«ሁለቱም አብረው መጡ። ኦላና ጎትቶ ጎትቶ ሞከረው። ደቅሲሳ ሳቀበትና ‹በዚህ ላይ የምትንጠለጠለው አንተ ነህ፣ ደህና አድርገህ ሞክር› አለው።»

«መቼ ነው?»

«ሁለት ሳምንት ይሆነዋል።»

ዱሬቲ ከጥቅሉ አስር ሜትር አስቆረጠችና ሰፍዋንን ለራሱ ደህንነት ጣቢያ አሳደረችው።

በማግስቱ ሌላ ስም መጣ። የእትዬ ሉባባ ልጅ ሰማን ጉድጓዱ እንዲቆፈር አልፈለገም ነበር፤ እዚያ ቦታ ላይ ሱቅ ሊሠራ አስቦ ነበር። በዋዜማው ከኦላና ጋር ተጣልቶ «ሳትጨርሰው ያስቀርህ» ሲለው ጎረቤት ሰምቷል። ሰማን ጠዋቱን ኡካ እንደነበር ተናገረ። ኪቲላ መናኸሪያ ሄዶ ሲጠይቅ ግን ወደ ኡካ በሄዱት መኪኖች ላይ ሰማንን ያየ ሰው አልተገኘም።

«ዋሽተሃል» አለችው ዱሬቲ።

ሰማን ጣቶቹን አፍተለተለ። «ሶር ነበርኩ። ፏፏቴው ጋ። ከአንዲት ልጅ ጋር ነው። እናቴ ከሰማች አትቀበለኝም፤ ልጅቷ ጴንጤ ናት።»

ልጅቷ ተጠየቀች። ፏፏቴው ላይ የተነሱትን ፎቶ ስልኳ ላይ አሳየች፤ ሰዓቱ ኦላና ከሞተበት ጋር ይገጥማል። ኪቲላ መዝገቡን ዘጋ አደረገና «እንግዲህ የቀረን ገመዱ ነው» አለ። «አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር። ሰውየው በአስራ አንድ ዓመት ጓደኛው እጅ ላይ ነው የሞተው።»

ዱሬቲን ግን የእትዬ ሉባባ ቃል አላስተኛትም ነበር። ጩኸቱ ቀደመ፤ ጧ ያለው ኋላ ነው። ገመድ ተበጥሶበት የሚወድቅ ሰው የሚጮኸው ገመዱ ከተበጠሰ በኋላ ነው።

*

መምህር ቀኖ ዱሬቲን ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምሯታል። አሁን ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ቀርቶታል። ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ጓሮ ካለ ዋንዛ ላይ ገመዱን አሰሩ። ኪቲላ ከቡና መጋዘን ሚዛን ተውሶ የአሸዋ ጆንያዎችን መዘነ። መጀመሪያ ከሰፍዋን ጥቅል፣ ቀጥሎ ከራሱ ከመዘውሩ ላይ ከቀረው ቆርጠው ሞከሩ። መቶ ኪሎ ሲሰቀልበት ገመዱ ምንም አልሆነም። መቶ ሃምሳ ላይ ተለጠጠ። ሁለት መቶ ሲያልፍ መጮህ ጀመረ። ሁለት መቶ ሠላሳ ሲሞላ ጧ ብሎ ጆንያዎቹ መሬት ላይ ተዘረገፉ። ሦስቴ ሞከሩት፤ ሦስቴም እዚያው አካባቢ ነው የተበጠሰው።

«ጋሼ ቀኖ፣ የመዘውሩ ገመድና የሱቁ እኩል ናቸው» አለች ዱሬቲ። «ሰፍዋን ንጹህ ነው ማለት ነው።»

«ደብተርሽን አውጪ» አላት። እንደ ድሮው ነው ያላት፤ እሷም እንደ ድሮው አወጣች። «ሟቹ ስንት ይመዝናል?»

«ከነልብሱ ስልሳ አራት ኪሎ።»

«ዝም ብሎ ቢንጠለጠል ገመዱ የሚሸከመው ስልሳ አራት ሲባዛ በአስር ነው። አስሯ የምድር ስበት ናት። ስድስት መቶ አርባ ኒውተን። ገመዱ የሚበጠሰውስ?»

«ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ላይ።»

«ቀንሺ።»

«አንድ ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ ይተርፋል።»

«ያ ትርፍ ኃይል ከየት መጣ? ኃይል ማለት ማስ ሲባዛ በአክስለሬሽን ነው ብዬ ስንት ቀን ጮኼብሻለሁ። ኃይሉን አግኝተሻል፣ ማሱን አግኝተሻል። አካፍዪው።»

ዱሬቲ አካፈለች። «ሃያ ስድስት ገደማ።»

«እሱ አክስለሬሽኑ ነው። የሰውየው ፍጥነት በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሃያ ስድስት ሜትር በሰከንድ እንዲለወጥ የሚያደርግ ጉተታ ነው። የምድር ስበት እንኳ አስር ነው የሚለውጠው። አሁን እጀታ እያዞረ፣ እያቃሰተ ሰው የሚያወጣ ጉልበተኛ ኦላናን እንደዚያ አድርጎ ወደ ላይ ሊያስፈነጥረው ይችላል?»

«አይችልም።»

«እኔም አይችልም እላለሁ። ስለዚህ ገመዱ ሲበጠስ ሰውየው እየወጣ አልነበረም።» ቀኖ መነጽሩን አወለቀ። «እየወደቀ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር በድንገት አቆመው።»

ኪቲላ የጆንያውን አፍ እያሰረ ነበር፤ ቀና አለ።

ዱሬቲ የኪቲላን ልኬት ፈለገች። ኦላና ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሲታይ ከመዘውሩ እስከሱ የነበረው ገመድ አንድ ሜትር ነው። አስከሬኑ ላይ የተገኘው አምስት ነው። አራት ሜትር ወርዶ ነው የተበጠሰበት።

«አራት ሜትር በነጻ የወደቀ ሰው በሰከንድ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ይበርራል» አለ ቀኖ። «መዘውሩ ትንሽ ቢይዘውም ብዙ አይለውጠውም። ያንን ፍጥነት ከአንድ ሜትር ተኩል ባጠረ ርቀት ውስጥ ካቆምሽው ይህ ገመድ አይችልም።»

«ርቀቱ ቢረዝምስ?»

«ቀስ ብሎ ይቆማል፣ አክስለሬሽኑ ያንሳል፣ ኃይሉም አብሮ ያንሳል። ገመዱ ይችለዋል።»

ዱሬቲ እስክሪብቶዋን ዘጋች። «ደቅሲሳ እጀታውን ለቅቆታል።»

«እሱ ያንቺ ሥራ ነው» አለ ቀኖ። «ግን አንድ ነገር አስቢ። መዘውር ለቅቀሽ ብትተዪው ገመዱ ተተርትሮ እስከ ታች ይሄዳል እንጂ መንገድ ላይ አይበጠስም። ምን አቆመው?»

*

የኦላና ሚስት አቢጋኤል ለቅሶ ላይ ነበረች። ዱሬቲ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና ከጎኗ ተቀመጠች። ድንኳኑ ውስጥ ይዘምሩ የነበሩት የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ዝም አሉ።

«ባለቤትሽና ደቅሲሳ ተጣልተው ያውቃሉ?»

«ደቅሲሳ?» አቢጋኤል ግራ ተጋባች። «የመጀመሪያ ልጄን ስም ያወጣላት እሱ ነው። ወንድሙ ዲንቃ ጎሬ ከተማ ጉድጓድ ውስጥ የሞተ ጊዜ ኦላና ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ከዚያ በኋላማ እንደ አንድ እናት ልጆች ሆኑ።»

«በቅርቡስ?»

«ባለፈው እሁድ ከጎሬ ሲመለስ ወደኛ ጎራ አለ። የዲንቃ ሁለተኛ ሙት ዓመት ነበር። ምግብ አቀረብኩለት። ‹ጠግቤያለሁ› ብሎ ሳይነካው ወጣ። በቤቴ ሳይበላ ወጥቶ አያውቅም።»

«ኦላናስ ምን አለ?»

«ምንም። ኦላና ያን ሌሊት ሲገላበጥ አደረ።»

ዱሬቲ ሚኒባስ ይዛ ጎሬ ወጣች። ዲንቃ የሞተበት ግቢ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ነው። የግቢው ባለቤት ሎሚ የምትባል ሃምሳ ያለፋት ሴት ናት። ጉድጓዱን በድንጋይ አስሞልታ ጎመን ተክላበታለች። ዱሬቲ ፖሊስ መሆኗን እንደነገረቻት ጎመኑ መሃል ቆመች።

«ሞተ አይደል?» አለች። «ኦላና ሞተ። ሰምቻለሁ።»

«እትዬ ሎሚ፣ ደቅሲሳ እሁድ ለት እዚህ መጥቶ ነበር?»

«መጣ። ጠበል ጸዲቅ ይዞ መጣ። ተቀምጦ ኦላናን ይመርቀው ጀመር። ‹ወንድሜን ለማውጣት ሕይወቱን ሊሰጥ ነበር፤ የጉድጓዱ መጥፎ አየር ቀደመው እንጂ› ይላል። ሁለት ዓመት ዝም ብያለሁ። ያን ቀን ግን አልቻልኩም፤ ነገርኩት።»

«ምኑን?»

ሎሚ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ዲንቃ ታች፣ ኦላና መዘውሩ ላይ ነበሩ፤ ደቅሲሳ ያን ቀን አልነበረም። የኦላና ስልክ ጮኸ። እዚህ ግቢ ኔትወርክ አይሰማም፤ እያወራ ወደ መንገዱ ወጣ። ልጁ ከታች ‹ትንፋሽ አጠረኝ፣ አውጡኝ› ሲል ሰማሁት። ሮጬ እጀታውን ያዝኩ። ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ፣ አልዞር አለኝ። ‹ኦላና! ኦላና!› እያልኩ ጮህኩ። ልጁም ከታች ይጠራዋል። ኦላና ሲመለስ ልጁ መጥራት ትቷል።»

«ለፖሊስ ለምን አልተናገሩም?»

«እግሬ ላይ ወደቀ። ‹ደቅሲሳ ይህን ከሰማ አልኖርም› አለኝ። ልጆች አሉት ብዬ ዝም አልኩ።» እንባዋ ወረደ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት?»

ዱሬቲ እስክሪብቶዋን አወጣች። ቃሏን ጽፋ አስፈረመቻትና ወረደች።

*

መቱ ስትደርስ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄደች። ደቅሲሳን ያከመው ሐኪም ኤክስሬዩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አሳያት።

«እጀታ መታኝ ነው የሚለው» አለችው።

«እጀታ ቢመታው ከአንድ ወገን ይሰበር ነበር። ይህ ከሁለት ወገን ተጨፍልቋል። ከላይም ከታችም ጠንካራ ነገር ነበር። በር እንደተዘጋበት እጅ ነው።»

ዱሬቲ ጣቢያ ገብታ መዘውሩን አየችው። በብረት እጀታውና በቋሚው ግንድ መካከል ያለው ክፍተት አራት ጣት አይሞላም። ግንዱ ላይ እጀታው ያረፈበት ቦታ ሰርጉዷል፤ ስንጥቁ ውስጥ ደም ደርቋል። የሸሚዝ ክር ተጣብቆበታል።

ኪቲላ ከጀርባዋ ቆሞ ነበር። «እዚህ ውስጥ ክንዱን ከተተ?» አለ።

«ና፣ ወረቀት ያዝ» አለችው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ደቅሲሳ ክንዱ እስከ ትከሻው በጄሶ ታስሮ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ኪቲላ በር አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዱሬቲ ቃሉን የመስጠት ግዴታ እንደሌለበት ነገረችው። የሚናገረው ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችልም ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ።

«ጎሬ ሄጄ መጣሁ» አለች። «እትዬ ሎሚን አግኝቻታለሁ።»

ዓይኑን ጨፈነ።

«ኦላናን ለቀቅከው።»

«ገመዱ ተበጠሰ።»

«መልቀቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገመዱ አይበጠስም ነበር፣ ደቅሲሳ። እስከ ታች ድረስ ተተርትሮ ይሄድ ነበር። አንተ ለቀቅክና ያዝክ። ክንድህን እጀታው ውስጥ ከተትክ።»

ደቅሲሳ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«አራት ቀን ሙሉ ልጠይቀው ፈልጌ አቃተኝ። አብረን ጉድጓድ እንወርዳለን፣ አብረን እንበላለን፣ ቃሉ አልወጣ አለኝ። ያን ቀን በመዘውሩ እየሳብኩ አወጣሁት። ከጉድጓዱ አፍ ደርሶ ከሴትየዋ ጋር ሳቀ። እሷ ስትገባ ‹ዲንቃ ሲጠራህ የት ነበርክ?› አልኩት። ዝም ብሎ ጠየቅኩት፣ ልገድለው አላሰብኩም፤ ወይም አስቤ ይሆናል፣ አላውቅም። ‹መንገድ ላይ ነበርኩ› ቢለኝ... ይቅር በለኝ ቢለኝ። ‹አጠገቡ ነበርኩ› አለኝ። ዓይኔን እያየ። እንደገና ዋሸኝ።»

«ከዚያ?»

«እጄን ከፈትኩ።»

ኪቲላ መጻፉን አቆመ። ዱሬቲ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ቀጠለ።

«ወደቀ። ‹ደቅሲሳ! ና ቀቢ!› አለ። ድምፁ ከጉድጓድ ሲመጣ የሱ አልነበረም። ዲንቃ ነው የመሰለኝ። ወንድሜ ነው የጠራኝ። እጀታው እንደ እብድ ይዞራል፤ ክንዴን ወረወርኩበት። ቆመ። ሲቆም ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ያዝኩት አልኩ። ከዚያ ገመዱ ጧ አለ።»

ውጭ ኮሪደሩ ላይ የሕመምተኛ ቤተሰቦች ሲያወሩ ይሰማል። ደቅሲሳ ቀና ብሎ ዱሬቲን አያት።

«ያ መምህር ገመዱን ሲሞክር ነበር አሉ። ጆንያ ሰቅላችሁ።»

«አዎ።»

«በቀስታ ይዤው ቢሆንስ? መዘውሩን በደረቴ ተጭኜ፣ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ባቆመው?»

ዱሬቲ ደብተሯን ገለጠች። ደብተሯ ውስጥ ቁጥሩ አለ፤ አንድ ሜትር ተኩል። ከኦላና እግር በታች ደግሞ ገና ስምንት ሜትር ያህል ባዶ ጉድጓድ ነበር።

«ገመዱ ይችለው ነበር» አለች።

«ይተርፍ ነበር?»

«ይተርፍ ነበር።»

ደቅሲሳ በግራ እጁ አፉን ያዘ። በመጨረሻ እጁን አወረደ።

«ልድረስለት ብዬ ነው የቸኮልኩት» አለ።

ኪቲላ እስክሪብቶውን እንደያዘ ወደ ዱሬቲ ዞረ። «ይህንንም ልጻፈው?»

«ጻፈው» አለች።